አታሙቂኝ

ቦንጋ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ከአባቴ የወረስኩት ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር ጨርቅ ይዞ መጥቶ፣ ቀስ በቀስ ከጨርቅ ወደ ብሎን፣ ከብሎን ወደ ፊልትሮና ቀበቶ የተሻገረ ነጋዴ ነበር። እኔም ከባንኮኒው ጀርባ የጭነት መኪና ፊልትሮና የባጃጅ ካንዴላ ስሸጥ ፀጉሬ ሸበተ። ሴት ልጅ ስለ ሞተር ምን ታውቃለች የሚሉኝ ሰዎች ድሮ ነበሩ፤ አሁን የሉም። የሌሉት አፌ ክፉ ስለሆነ ነው። የምነግራችሁ ነገርም የመጣው በዚሁ አፌ ነው።

አንድ ምኞት ነበረኝ፤ ፈጣን መኪና። ሰው ሲሰማ ይስቅብኛል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቦንጋ እኮ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጭጋግና ዝናብ ነው። ወደ ማንኪራ የሚወስደው መንገድ እግረኛውን እንኳ ያንሸራትታል። እዚህ አገር ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ ባለ ተርቦ አውቶሞቢል ማን ይገዛል? ሰው የሚፈልገው ከፍ ያለ፣ ጭቃ የማይበግረው መኪና ነው። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን የሌላውን ሰው ሞተር ድምፅ ስሰማ ኖሬ፣ አንድ ቀን የራሴን ረገጥ አድርጌ፣ በጂማው አስፋልት ከፊቴ ያለውን ሁሉ ቀድሜ መሄድ አማረኝ። በቃ አማረኝ፤ ምክንያት የለውም።

ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና አንድ ብቻ ነበረች። የጀርመን ሥራ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ ተርቦ፣ ጥቁር ሰማያዊ። ባለቤቷ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የከተማው ሽማግሌ! የቀድሞ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ እኔም እንደ ሌላው ሰው ጋሼ እላቸዋለሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በቡና መሬት ድንበር ሲጋጩ፣ ፍርድ ቤት ከመግባቱ በፊት ሰው የሚሄደው ጋሼ ዘንድ ነው። ሩቅ ካሉት ከዋጫም፣ ከቢታ ገነትም ተነሥቶ ወደ እሳቸው የሚመጣ አለ። ሀብት የላቸውም። ያላቸው ነገር ቢኖር ሁለት የተጣላ ሰው እኩል የሚያምነው ቃላቸው ነው፤ ከጡረታ በኋላ የሚኖሩትም ለዚያ ነው።

መኪናዋን አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃቸው ከአንድ ኤምባሲ ጨረታ ገዝቶ፣ «አባዬ ይንዱ» ብሎ ላከላቸው። እሳቸው ታዲያ እሁድ እሁድ ባለቤታቸውን አሳፍረው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይመለሱባታል። ያቺን የመሰለች አውሬ ከባጃጅ ኋላ ተሰልፋ ስትንፏቀቅ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያር ነበር። ኋላ ዓይናቸው እየደከመ መጣና ሐኪሙ መንዳት ይብቃዎት አላቸው። ሊሸጧት መሆኑን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ።

እንቅልፍ ያጣሁት በደስታ ብቻ አይደለም። ባለ ተርቦ ሞተር ጣጣው ብዙ ነው። ዘይቱ በወቅቱ ካልተቀየረ ተርቦው ይበላል፣ የሞተሩ ሰንሰለት፣ ካቴናው፣ ይላላል። የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ከተጣመመ ደግሞ ውሃና ዘይት ይቀላቀሉና ደህና ሰንብት ነው። በጀሪካን የምንገዛው ቤንዚን ምን እንደተጨመረበት አላህ ነው የሚያውቀው። በዚያ ላይ ዝግ ብላ ስትነዳ የኖረች ፈጣን መኪና ውስጧ ካርቦን ይዞ ቢሆንስ? ዕቃዋ ቦንጋ የለም፣ ጂማም የለም። የከተማው መለዋወጫ ነጋዴ እኔ ነኝ፤ እኔ ራሴ የለኝም!

አባቴ መኪና ሲገዛ አንድ ልማድ ነበረው። ከሻጩ ጋር ሰላምታ ሳይጨርስ በሞተሩ መክደኛ፣ በኮፋኖው ላይ እጁን ያሳርፋል። ሞቆ ካገኘው ሻዩን ጠጥቶ፣ አመስግኖ ይሄዳል እንጂ አይገዛም። የላላ ካቴና የሚንጫጫው፣ የተበላ ሞተር ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣው ቀዝቅዞ አድሮ ጠዋት ሲነሣ ነው፤ ከሞቀ በኋላ ጉዱን ይደብቃል። ደላሎች ይህን ስለሚያውቁ ገዢ ሲመጣ አሙቀው ይጠብቁታል። አባቴ ንግድ ያስተማረኝ በብዙ ቃል አይደለም፤ ይህችን ግን እጄን ይዞ፣ ብረቱ ላይ አሳርፎ ነው ያስተማረኝ።

ጋሼ ዘንድ ስደውል ክፉ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። በሳል መሀል «መኪናዋን ነገ በጠዋት መጥቼ ልያት?» አልኳቸው።

«ነይ ልጄ፤ ግን እንዲህ እያሳለሽ የጠዋቱ ብርድ አይጎዳሽም? ረፈድ ቢል አይሻልም?»

«አይ ጋሼ፣ በጠዋት ነው የሚመቸኝ» አልኩ። ለምን በጠዋት እንዳልኩ አልነገርኳቸውም። ቀዝቃዛ ሞተር ፈልጌ ነው ብል መኪናዋን ቀድመው ያሞቁብኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ስደርስ ጭጋጉ ገና ከግቢያቸው አልተነሣም። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። ጉንጬን ሳሙኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። እኔ እየመለስኩ እጄን ኮፋኖው ላይ አሳረፍኩ። ከእሳት የወረደ ድስት በሉት! እጄን ነጥቄ አነሣሁ።

«አሞቅኳት፤ ግቢ፣ ግቢ» አሉኝ ፈገግ ብለው።

ጭራሽ በፈገግታ! ወይ ጋሼ፣ እርስዎም? አልኩ በልቤ። ውስጤ ቅዝቅዝ አለ። ቢሆንም ከመጣሁ አልቀር ብዬ መሪው ኋላ ተቀመጥኩ። ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የሚነፍሰው ትኩስ አየር ፊቴን ለበለበኝ። ብሽቅ ብዬ ዘጋሁት።

«ሞቀሽ?» አሉ ጋሼ።

«በጣም» አልኩ፣ ደረቅ አድርጌ።

የጂማውን መንገድ ይዘን ወጣን። ምን ልበላችሁ፣ ወላሂ እንዲህ ያለ ነገር ነድቼ አላውቅም። ረገጥ ሳደርጋት ወንበሩ ጀርባዬን ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ ጋሼ የበሩን እጀታ ጨብጠው «በስመ አብ!» አሉ። ልቤ ቀልጧል። ጆሮዬ ግን የሞተሩን ድምፅ ማመን እምቢ አለ፤ ሞቃለች፣ ሞቃለች፣ ምን እንደደበቁብሽ አታውቂም ይለኛል። ግቢያቸው ስንመለስ መጠየቅ እችል ነበር። «ጋሼ፣ ለምን አሞቋት?» ማለት ምን ይከብዳል? ዋሽተው ሳያቸው ላፍር ነው ብዬ ፈራሁ። «አስቤበት እደውላለሁ» ብዬ ሄድኩ።

ሱቄን እንደከፈትኩ ደንበኛዬ የሆነ ባጃጅ ነጂ ካንዴላ ሊገዛ መጣ። «እትዬ፣ አውሬዋን ሞከርሽ አሉ፤ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ምን እንዴት ናት ትለኛለህ! ጋሼ እንደ ደላላ አሙቀው ነው የጠበቁኝ» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ካንዴላውን ይዞ ወጣ፤ እስከ ማታ ስንቱን ተሳፋሪ እንደጫነ እናንተው አስቡት።

ወሬው መሮጡን ያወቅኩት አንዲት ገበያተኛ ዋጋ ስትከራከረኝ ነው። «እትዬ፣ ኧረ በናትሽ አታሙቂኝ!» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ስላት «አታታልዪኝ ማለቴ ነዋ፣ አልሰማሽም እንዴ?» ብላ ሳቀች። ከዚያ በየቦታው ሰማሁት። ተማሪው ለጓደኛው «አታሙቀኝ» ይላል፤ ቡና ሻጩ የገዢውን ሚዛን እያየ «ይቺ ሚዛን ሞቃለች» ይላል። ከተማው አዲስ ቃል አገኘ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ላይ ሳቅኩ፤ ከእኔ ሱቅ የወጣ ቃል ነው ብዬም ትንሽ ኮራሁ። ዛሬ ያ ኩራት ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ቁጭ ባልኩበት ፊቴን እሸፍናለሁ።

ሳቁን ያጠፋብኝ አንድ ሌላ ደንበኛዬ የነገረኝ ነው። እሱ በነበረበት ሁለት ወንድማማቾች በቡና መሬት ድንበር ሊታረቁ ተሰብስበው፣ እንደ ወትሮው ጋሼ መሀል ተቀመጡ። ታናሽየው ተነሣና «ሞተር የሚያሞቅ ሰው የወንድሜን ነገር አሙቆ ቢያቀርብብኝስ?» አለ። ሰው ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተው፣ ነውር ነው የሚል ይኖር ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳቁ ቀደመ። ጋሼ ከዘራቸውን አንሥተው፣ ሁሉንም ተሰናብተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የጠራቸው ሰው የለም።

ይህን ስሰማ ሳቄን ተውኩ። ግን እኔም እኔ ነኝና ራሴን መከላከል ጀመርኩ። ታዲያ ምን ላድርግ? አሙቀዋል አላሞቁም? ራሳቸው «አሞቅኳት» አላሉም? እውነት ተናግሬ ለምን እጨነቃለሁ? እንዲህ እያልኩ ሰነበትኩ።

የጋሼ ባለቤት ሱቄ የመጡት ይህን ለራሴ ስደጋግም በሰነበትኩበት ሰሞን ነው። እሳቸው የሚቀናቸው የከፋ ቋንቋ፣ ካፊኖኖ ነው፤ በአማርኛ ሲናደዱ ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል። ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም። ባንኮኒው ላይ ጃንጥላቸውን አስቀምጠው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ።

«አንተ ሳልህ!» አሉኝ። «ስልክ ላይ ሳልህ፣ ባሌ ሰማ!»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። «እትዬ፣ ይረጋጉ፤ ምን ሆነው ነው?»

«ይህች ልጅ ታማለች አለ። በቀዝቃዛ መኪና ከተቀመጠች ይብስባታል አለ። ገና ሳይነጋ ተነሣ፣ ጋቢውን ለብሶ መኪና ውስጥ ቁጭ አለ፣ አሞቀ። ወንበሩ እስኪሞቅ አሞቀ። ለአንተ! እኔ እብድ ነህ፣ ግባ ተኛ አልኩት። እንግዳዬ ናት አለ። አንተ ግን ሌባ አልከው!»

ሌባ አላልኩም ልል አፌን ስከፍት ያ ፊቴን የለበለበኝ ትኩስ አየር መጣብኝ። ሞተር ለመደበቅ የሚያሞቅ ሰው የውስጡን ማሞቂያ ለምን ይከፍታል? ማሞቂያ ሲከፈት እንዲያውም ሞተሩ ለመሞቅ ይዘገያል! ይህን ማንም ሹፌር ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ። «ሞቀሽ?» ብለው የጠየቁኝ ስለ እኔ ነበር፤ እኔ ስለ ሞተር መስሎኝ አኮረፍኩ። እትዬ ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። ሱቁን ዘግቼ ቤት ገባሁ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ሽማግሌ ይልካል። እኔም ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ። ከመስጊድ አንድ የተከበሩ ሰው አማከርኩ፤ «ይሄንንማ የሚችሉት ጋሼ ናቸው» አሉኝና ወዲያው ምን እንዳሉ ገባቸው። አንድ የጋሼ የሥራ ባልደረባ የነበሩ መምህር ዘንድ ሄድኩ፤ እሳቸውም ራሳቸውን እያከኩ «እንዲህ ላለው ነገር እንኳ እሳቸውን ነበር የምናስቀድመው» አሉ። የከተማውን ሽማግሌ የሰበርኩት እኔ፣ ሽማግሌ አጣሁ። እዬዬ ልበል ወይስ ልሳቅ? ብቻዬን ሄድኩ። ባዶ እጄን። ማር ይዤ ልሂድ ብል፣ ለማር አገር ሰው ማር ወስጄ ምኑን ልሸፍን ነው?

ጋሼ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ጋሼ፣ በደልኩዎት» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ የአባቴን ልማድ፣ ባጃጅ ነጂውን፣ ሳቄን። ኩራቴን ሳይቀር ተናገርኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ፤ ሰው ሲሰሙ ነው የኖሩት።

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ተነሥተው ወደ መኪናዋ ወሰዱኝ። «ካየሻት ጀምሮ አልተነሣችም። ቀዝቃዛ ናት። እጅሽን አሳርፊባት።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ይተዉኝ፤ አምኛለሁ።»

«አሳርፊባት ልጄ። አባትሽ ያስተማረሽ ትክክል ነው።»

አሳረፍኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ፣ በጭጋግ የራሰ ነበር። ቁልፉን ሰጡኝና አስነሣኋት። ካቴናው ትንፍሽ አላለም። ወርጄ ማርሚታውን አየሁ፤ ከእንፋሎት በቀር የሚወጣ የለም። የዘይቱን ክዳን ከፍቼ በጣቴ ጠረግ አደረግኩ፤ ንጹሕ። ጤነኛ ሞተር! እንዲህ ያለ ጤነኛ ሞተር በእጄ ገብቶ አያውቅም። ኮፋኖውን ተደግፌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ምነው? ምን አገኘሽባት?» አሉ ጋሼ ደንግጠው።

ያን ጊዜውኑ ገዛኋት። አልተከራከርኩም። መኪናዋን ለመውደዴ ብቻ አይደለም፤ ስማቸውን የምመልስበት መንገድ ያገኘሁ መስሎኝ ነው። ሰው ሲያየኝ «ለካ ደህና መኪና ናት፣ ጋሼ አላታለሉም» ይላል ብዬ አሰብኩ። ከተማውን ላይ ታች ነዳሁባት። ሱቄ በር ላይ አቁሜ ኮፋኖዋን እየከፈትኩ «ኑ እዩ! ቀዝቃዛ ናት፣ ላስነሣላችሁ!» እላለሁ። ስለ ሳሌም፣ ስለ ማሞቂያውም ለገባው ለወጣው ተናገርኩ።

ከተማው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሷንም አሞቋት!» አለ።

ያው ባጃጅ ነጂ መጥቶ በመኪናዋ ዙሪያ ዞረና «እትዬ፣ አንቺማ ምን ልትዪ ኖሯል? ገንዘብሽ ውስጧ ገብቷል» አለኝ። ማልኩለት። «እሺ፣ እሺ» አለ፤ የታመመ ሰው እንደሚያባብሉት። ሌሎቹ ደግሞ ከዚህ የባሰ አገኙ፤ መለዋወጫ ነጋዴዋ መጀመሪያ የመኪናዋን ስም ያጠፋችው ዋጋዋን ለመስበር ነው አሉ። ነገሩን ከሥሩ እናውቃለን የሚሉት ግን ጋሼና እሷ ድሮም ተስማምተው ነበር፣ ጠባቸው ለሰው ዓይን ነው አሉ። ሰው ያመነኝ የመሰለኝን ባወራሁበት ቀን ብቻ ነው። እውነቱን ይዤ ስመጣ ባለመኪና ሆኜ ነበርና የሚሰማኝ ጠፋ።

በሽምግልናው ላይ ጋሼን የነካውን ታናሽ ወንድም ፈልጌ አገኘሁት። ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና «ጋሼን አስቀይመናቸዋል፤ ግን እትዬ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ገብቷል፤ ከወንድሜ ጋር መነጋገር ትተናል» አለኝ። ያቺ የእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እዚያ ድረስ ሄዳለች። ጋሼ ያን ቀን መሀል ቢቀመጡ ኖሮ ይታረቁ ነበር ወይ? አላውቅም። ይታረቁ ነበር ብዬ ግን አስባለሁ።

መኪናዋ እንደሆነች እስካሁን አንድ ቀን አላስቸገረችኝም። ዘይት አትበላም፣ ውሃ አትጨርስም፣ ዳሽቦርዷ ላይ ቀይ መብራት በርቶ አያውቅም። አንዳንዴ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ምነው አንድ ነገር በተንጫጫ እላለሁ። ምነው ጭስ ባወጣች፣ ምነው ትክክል በሆንኩ። እንዲህ የሚመኝ ባለመኪና አይታችኋል?

በዚህ ክረምት አንድ ቀን ከጂማ ዕቃ ጭኜ ስመለስ ከባድ ዝናብ ያዘኝ። ከተማ ገብቼ ዳገቱን ልወጣ ስል ጋሼን አየኋቸው። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ ይዘው፣ የመንገዱን ዳር በእግራቸው እየዳሰሱ ይወጣሉ። ጎርፉ ጫማቸው ላይ ያልፋል። አጠገባቸው ደርሼ ቆምኩና የጋቢናውን በር ከውስጥ ከፈትኩላቸው።

«ጋሼ፣ ይግቡ፤ ላድርስዎት!»

ጎንበስ ብለው ማን እንደሆንኩ እስኪለዩ ጊዜ ወሰደባቸው። ፈገግ አሉ። «እንደምን ነሽ ልጄ? ጉንፋንሽ ለቀቀሽ?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። ይግቡ እንጂ፣ በሰበሱ እኮ!»

«ይቅርብኝ። ቅርብ ነው፣ እደርሳለሁ።»

«ምኑ ነው ቅርብ፣ ዳገቱ ገና አልተጀመረም! በአላህ፣ በወላጆችዎ ይግቡልኝ!»

መንገዱን ወደ ላይ ተመለከቱ፣ ወደ ታችም ተመለከቱ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርገው መልሰው ገፉት፤ ሳይዘጉት በስንጥቁ አናገሩኝ። «በዚህች መኪና አብሬሽ ብታይ፣ ድሮም ተስማምተው ነበር ያልናችሁ ይኸው ይላሉ። ለእኔ ብዬ አይደለም፤ አንቺም ነጋዴ ነሽ፣ ስምሽ ያስፈልግሻል።»

በዚያ ዝናብ ውስጥ ቆመው አሁንም የሚያስቡት ለእኔ ነው። «ጋሼ፣ ይቅር ብለውኛል አይደል?» አልኳቸው።

«ይቅር ካልኩሽማ ቆየ» አሉ፣ አንገታቸውን አዙረው ቁልቁል እያዩ። «አሁን ግን ሂጂልኝ ልጄ፤ ሰው እየመጣ ነው።»

ሄድኩ።